ቪዛው ላይ ያለው ቀን የመመለሻ ቀን አይደለም

ባሕር ዳር፣ ጊዮርጊስ አካባቢ፣ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ስካነር። ከ2012 ጀምሮ የቪዛ ፎርም እሞላለሁ። ሰው ከዘጌ በጀልባ ይመጣል፣ ከመራዊ በሚኒባስ፣ ከፔዳ በባጃጅ። ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "ይመታልኝ ይሆን?" ይላል። "ከተመታልኝስ በኋላ እስከ መቼ ነው የምቀመጠው?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

እኔም ያኔ አልጠይቅም ነበር። ፎርም መሙላት እንጂ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። ያወቅሁት በአክስቴ ነው። ይህን የምጽፈውም የእሷ ነገር በሌላ ሰው እናት ላይ እንዳይደገም ነው።

አክስቴን እታታ ነው የምላት። በመጋቢት 2014 ልጇን ልታርስ አሜሪካ ሄደች። ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ። ቪዛው የሁለት ዓመት ነበር፤ ፓስፖርቷ ላይ የተለጠፈው እስከ የካቲት 2016 ይላል። ዘመድ ሁሉ "እሰይ! ሁለት ዓመት የልጅ ልጇን ታቅፋ ትቀመጣለች" አለ። እኔም አልኩ።

እታታ የገባችው መጋቢት 3 ነው፤ በእነሱ ማርች 12፣ 2022። ኤርፖርት ላይ የተቀበላት መኮንን ጣቷን አሳረፈ፣ ፎቶ አነሳ፣ ስድስት ወር ሰጣት። እስከ ሴፕቴምበር 11። ያ ቀን የእኛ እንቁጣጣሽ ነው፣ መስከረም 1፣ 2015። ቀኑን ማንም አላየውም። ሕፃን አለ፣ ገንፎ አለ፣ ከዚያ ልጅቷ ሥራ ተመለሰች፤ ሕፃኑን የሚይዝ ሌላ ሰው አልነበረም። እታታ ጥቅምት 9፣ 2016 አገሯ ገባች። በላይ ዘለቀ ኤርፖርት ሄደን ተቀበልናት። ቪዛው ሊያልቅ አራት ወር ይቀረው ነበር። ስለዚህ ሁላችንም ሕግ አክብራ የመጣች መስሎን ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከአሜሪካ ሲወጡ ፓስፖርት የሚመታበት መስኮት የለም። አየር መንገዱ የተሳፋሪውን ስም ዝርዝር ያስተላልፋል፣ መዝገቡ ላይ ይገባል፣ በቃ። "ዘግይተሻል" ብሎ የሚያስቆም ሰው አይገጥማችሁም። እታታም ማንም ስላልተናገራት ምንም ያለፈባት አልመሰላትም።

በ2017 ልጇ ሁለተኛ ልትወልድ ሆነ። እታታ እንደገና እኔ ጋ መጣች። ፎርሙን እየተረጎምኩ ስጠይቃት አንድ ጥያቄ ላይ ደረስኩ፤ "ከተፈቀደልዎ ጊዜ በላይ አሜሪካ ቆይተው ያውቃሉ?"

"የለም የኔ ልጅ፤ ሁለት ዓመቱ ሳይሞላ ነው የመጣሁት" አለች።

ያኔ ነው የመግቢያና የመውጫ መዝገቧን ከድረ ገጹ ላይ ያወጣሁት። ቀኖቹን በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። 403 ቀን አልፏታል። እታታ ወንበሩ ላይ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። እንዴት ብዬ እንደምነግራት ጠፋኝ።

እውነቱን ሞላን። አዲስ አበባ ኤምባሲ ገባች፣ እውነቱን ተናገረች። አልተሰጣትም። ከወጣችበት ቀን አንሥቶ አሥር ዓመት። እስከ ጥቅምት 2026። ሁለተኛዋን የልጅ ልጇን እስካሁን በስልክ ብቻ ነው የምታያት።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። የምጽፈው ፎርም ከሚሞላ ሰው የሚጠበቀውን ያህል ነው።

በመጀመሪያ ሁለቱን ቀኖች ለዩ። አሜሪካ ቪዛው ላይ የተጻፈው ቀን በር ለማንኳኳት የሚፈቀድላችሁ ጊዜ ነው። ከገባችሁ በኋላ እስከ መቼ እንደምትቀመጡ የሚወስነው አይ-94 የሚባለው መዝገብ ነው። ለጎብኚ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ስድስት ወር ነው። በገባችሁበት በዚያው ሳምንት የአሜሪካ ጉምሩክና ድንበር ጥበቃ ድረ ገጽ ላይ "አይ-94" የሚለውን ክፈቱ። ስም፣ የልደት ቀን፣ የፓስፖርት ቁጥርና አገር ይጠይቃል። ክፍያ የለውም፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ከገጠማችሁ የሌላ ሰው ገጽ ነውና ውጡ። የሚመጣውን ወረቀት ፕሪንት አድርጋችሁ ፍሪጅ ላይ ለጥፉት። ስልክ ውስጥ ያለ ነገር ይረሳል። ፍሪጅ ግን በቀን አሥር ጊዜ ይከፈታል።

ከጁላይ 2025 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ የሦስት ወር፣ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ሆኗል። አሁን ሰዎች በተቃራኒው ይሳሳታሉ፤ "ሦስት ወር ብቻ ነው የምቀመጠው" ይላሉ። ሦስት ወሩ የመግቢያው ጊዜ ነው። የመቆያው ቀን አሁንም አይ-94 ላይ ነው ያለው።

አውሮፓ ሌላ ነው። ብዙዎቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የሸንገን ቪዛ ላይ "ከ" እና "እስከ" የሚሉ ሁለት ቀኖች አሉ። ከእነሱ ሌላ "ዱሬሽን ኦፍ ስቴይ" (የመቆያ ቀን ብዛት) የሚል ቦታ ላይ ቁጥር ይጻፋል። የእናንተ ቀን ያ ቁጥር ነው። ለምሳሌ 30 ተብሎ ከ"ከ" እስከ "እስከ" ያለው ግን 45 ቀን ሊሆን ይችላል። ትርፉ 15 ቀን በረራ ቢቀየር እንዳትቸገሩ የተሰጠ እንጂ የመቀመጫ አይደለም። የገባችሁበትም የወጣችሁበትም ቀን ይቆጠራል። ጠቅላላው ጣሪያ በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው፤ 29ኙም የሸንገን አገሮች እንደ አንድ አገር ይቆጠራሉ። ጀርመን 60 ቀን ተቀምጦ "አሁን ጣሊያን ላይ ልጀምር" ማለት አይቻልም።

ድሮ ማኅተሙ ደብዝዞ የሚያመልጥ ሰው ነበር ይባላል። ከኦክቶበር 12፣ 2025 ጀምሮ ግን የጣት አሻራና የፊት ፎቶ የሚመዘግብ አሠራር ድንበሮቻቸው ላይ ተጀምሯል። ቀኑን የሚቆጥረው ኮምፒውተር ነው። ያሳለፈ ሰው እንደ አገሩ ቅጣት ይከፍላል፤ ከዚያም በላይ ሸንገን ሁሉ ውስጥ የሚሠራ የመግቢያ እገዳ ሊጣልበት ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ አምስት ዓመት። በዚያ ላይ የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 በእኛ አገር ሰዎች ላይ ቪዛ አጥብቋል፤ የማመልከቻው መልስ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ሄዷል፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ቆሟል። መንገዱ በጠበበበት ጊዜ የራስን መዝገብ ማበላሸት ያሳዝናል።

እንግሊዝ ለጎብኚ ስድስት ወር ነው። ከ30 ቀን በላይ አሳልፎ በራሱ ወጪ የወጣ ሰው አንድ ዓመት ይታገዳል። ያስወጡት ሰው እገዳው እጅግ ይረዝማል።

ዱባይን በራሴ ነው የማውቃት። በ2016 ያገለገለ ፕሪንተርና ቀለም ልገዛ የ30 ቀን ቪዛ ይዤ ሄድኩ። የመጨረሻ ቀኔ ማክሰኞ ነበር። ቲኬቴ 04፡00 ይላል። እኔ "የማክሰኞ ሌሊት አሥር ሰዓት" ብዬ ያዝኩት። ለእኛ ሌሊቱ የማክሰኞ ነው፤ ረቡዕ የሚሆነው ሲነጋ ነው። ለእነሱ ግን በእኛ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ካለፈ ረቡዕ ነው። ፓስፖርት መስኮቱ ጋ የደረስኩት ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። ልጁ ስክሪኑን አይቶ አንድ ቀን አለፈሽ አለኝ። እዚያ ቅጣቱ በቀን 50 ድርሃም ነው፤ የአገልግሎት ክፍያም ተጨመረበት። ኪሴ ውስጥ የቀረው ገንዘብ ለጥቂት ነው የበቃኝ። ከኋላዬ የነበረች አንዲት ልጅ ግን ስምንት ወር አልፏታል። 50ን በስምንት ወሩ ቀኖች አባዙት። እያለቀሰች ሰው ሁሉ ፊት ላይ ታያለች። እኔ ወደ አውሮፕላኑ ስሄድ እሷ እዚያው ቆማ ነበር።

የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር 2024 ምሕረት አውጥታ ነበር። በዚያ ጊዜ የወጡት ቅጣትም እገዳም አልነበረባቸውም። ምሕረት ሲወጣ ዕድሉን ተጠቀሙ። "ደግሞ ይወጣል" ብሎ መቀመጥ ግን አይሆንም፤ ቀኑን የሚያውቅ የለም፣ ቅጣቱ ግን ሌት ተቀን ይቆጥራል።

አሁን ስለ አቆጣጠር ልናገር። የእኛ ሰው ትልቁ ችግር እዚህ ነው።

ስድስት ወር፣ ሦስት ወር እያላችሁ አታስቡ። ቀን ቁጠሩ። ሐምሌ 1 አውሮፓ የገባ ሰው "ሦስት ወሬ መስከረም 30 ይሞላል" ቢል ተሳስቷል። ሐምሌ 30፣ ነሐሴ 30፣ መስከረም 30፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ጳጉሜ አምስት ቀን አለች። 95 ቀን ሆነ። ጳጉሜ አምስት ቀን አሳለፈችው ማለት ነው።

እኔ የምጠቀመው የግድግዳውን ካሌንደር ነው። ሱቄ ውስጥ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። በየቀኑ ሳጥን ውስጥ ትልቁ ቁጥር የእኛ ነው፣ ጥጉ ላይ ያለችው ትንሿ የፈረንጁ ናት። ሰው ሲመጣ የመጨረሻ ቀኑን፣ ትንሿን ቁጥር፣ በቀይ እስክሪብቶ አከብባለሁ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ሄጄ ሌላ ክብ። ቀድሞ የሚደርሰው ክብ "ቲኬት አረጋግጡ" ነው፣ የመጨረሻው ቀን ክብ "ውጡ"። ውጭ አገር ላለ ሰው ዘመዱ እዚህ ሆኖ ቢያከብብለትም ይሠራል። እናቷን ወደ ልጇ የምትልክ እህት ይህን ብታደርግ እናቷን አዳነቻት።

ቁጥሩ ብቻ ሲጻፍም ተጠንቀቁ። 05-04 የሚለው አውሮፓ ውስጥ ኤፕሪል 5 ነው፤ አሜሪካ ሜይ 4 ይሆናል። ወሩን በፊደል ጽፋችሁ አስቀምጡ። ቲኬት ስትቆርጡ ደግሞ መውጫችሁን ቢያንስ ሦስት ቀን ቀደም አድርጉት። በረራ ይሰረዛል፣ ሰው ይታመማል። በመጨረሻው ቀን ሌሊት የሚነሣ ቲኬት ርካሽ ቢሆንም አትግዙ።

ከቀኑ በላይ መቆየት የግድ ከሆነስ? አራስ ታመመች፣ እናንተ ራሳችሁ ሆስፒታል ገባችሁ፣ አገር ውስጥ መንገድ ተዘጋ። ይህ ያጋጥማል፤ ባሕር ዳር ያለን ሰዎች ከነሐሴ 2015 ወዲህ በደንብ እናውቀዋለን። መፍትሔው ቀኑ ሳያልፍ ማመልከት ነው። አሜሪካ ቅጹ አይ-539 ይባላል። የሚመክሩት ቢያንስ 45 ቀን ቀደም ብሎ ማስገባት ነው። በጊዜው በትክክል ከገባ፣ መልስ እስኪመጣ ያለው ጊዜ እንደ ሕገወጥ ቆይታ አይቆጠርም። የሐኪም ደብዳቤ፣ ለምን እንደምትቆዩና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን የሚገልጽ ጽሑፍ፣ አዲስ የመመለሻ ቲኬት አያይዙ። አውሮፓ ውስጥ ማራዘም ከባድ ነው። ሕመም ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ነገር መሆን አለበት፤ የምትሄዱትም ያረፋችሁበት ከተማ የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ነው።

የእታታ ልጅ ያን ጊዜ አይ-539ን ብታውቅ ኖሮ እላለሁ። ባይፈቀድ እንኳ እታታ ቀኗን ታውቅ ነበር።

ቀኑ ካለፈባችሁ ደግሞ በመጀመሪያ አትደንግጡ። ወረቀት አምጡና ቁጠሩ። አሜሪካ ውስጥ ቁጥሩ ሁሉን ይወስናል። አንድ ቀን እንኳ ካለፈ ያ ቪዛ ፓስፖርቱ ላይ ገና ጊዜ ያለው ቢመስልም አይሠራም፤ በእሱ ልመለስ ብሎ ኤርፖርት መሄድ የቲኬት ኪሳራ ነው። ከ180 ቀን በላይ፣ ከአንድ ዓመት በታች ቆይቶ በፈቃዱ የወጣ ሦስት ዓመት ይታገዳል። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ አሥር ዓመት። እገዳው መቆጠር የሚጀምረው ከወጡበት ቀን ነው። ከ18 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ይህ ቀን አይቆጠርም።

እታታን በዚህ ልኬ ነበር ያየኋት። እስከ መጋቢት መጀመሪያ 2015 ብትወጣ እገዳ የለም፤ ቪዛዋ ብቻ ይቀር ነበር። ነሐሴ 2015 ብትወጣ ሦስት ዓመት። የወጣችው ጥቅምት 2016 ነው። አርባ ቀን የማይሞላ ልዩነት ሰባት ዓመት ጨመረባት። ስለዚህ "አንዴ ካለፈ አለፈ፣ አንድ ወር ቢጨመር ምን ለውጥ አለው" የሚሏችሁን አትስሙ። ለውጥ አለው።

180 ወይም 365 ቀን አካባቢ ያለ ሰው ግን ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያናግር። እገዳውን የሚያስጀምረው መውጣቱ ራሱ ነውና፣ ለአንዳንዱ መውጣት ይሻላል፣ ለአንዳንዱ ደግሞ እዚያው ሆኖ የሚስተካከልበት መንገድ ሊኖር ይችላል። ደላላ ወይም "ወረቀት አስጨራሽ" ጠበቃ አይደለም። አገሩ መመለስ በእውነት የሚያስፈራው ሰውም ይህን ይወቅ፤ አሜሪካ ጥገኝነት የሚጠየቀው ከገቡበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። ፈርቶ ተደብቆ ዓመቱን ያሳለፈ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያንን በር ራሱ ላይ ዘጋ።

ፓስፖርቱ የጠፋበት ወይም ጊዜው ያለፈበት፣ መውጣት የሚፈልግ ሰው ወደ ኤምባሲያችን ሄዶ ሊሴ ፓሴ የሚባለውን በፓስፖርት ፋንታ የሚያገለግል የጉዞ ሰነድ ይጠይቅ። አገር ለመግባት ይበቃል።

እንዲቀሩ የሚገፋፉ ሰዎች ይኖራሉ። "ቅሪ፣ ሁሉም ቀርቶ ነው የኖረው" ይሏታል እናትን። በፍቅርም ይሉታል፣ አውቃለሁ። እኔ በቀረ ሰው አልፈርድም። ግን የሚቀርም ሰው ቀኑን አውቆ፣ ከአገሩ ለቅሶ እንደሚቀር አውቆ፣ ራሱ ይወስን። ሳያውቅ መቅረት ነው የሚያንገበግበው።

አገር ገብታችሁ እንደገና ስታመለክቱ ደግሞ አትዋሹ። ሱቄ መጥተው "አላለፈኝም ብለሽ ሙዪው፣ ማን ያውቃል" የሚሉ አሉ። አልሞላም። አሥር ዓመት ያልቃል። አሜሪካን የዋሸ ሰው ግን የሚያገኘው እገዳ የዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል። ማለፉን ጻፉ፣ ለምን እንደሆነ በአጭሩ አስረዱ፣ የሆስፒታል ወረቀት ካላችሁ ያዙ። እገዳ ላይ ላለ ሰው ቆንስሉ ደግፎለት ልዩ ይቅርታ የሚጠየቅበት መንገድም አለ። ሁሉም አያገኘውም። ውሸት ያለበት ግን ነገሩ በጣም ይከብደዋል።

በጊዜው የወጣችሁም የአውሮፕላን መሳፈሪያ ካርዳችሁን አትጣሉ። ቦሌ ስትገቡ የሚመታው ማኅተም ጥርት ብሎ መነበቡን እዩ። መዝገብ ይሳሳታል። "አልወጣህም" ቢሏችሁ ማስረጃችሁ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። እኔ ለደንበኞቼ ሁለቱንም ስካን አድርጌ በስማቸው ፋይል አስቀምጣለሁ።

የእታታ ልጅ በሚመጣው ጥምቀት ሁለቱን ልጆቿን ይዛ ልትመጣ ነው። እታታ ከአሁኑ ዓሣ የሚያመጣላትን ሰው አነጋግራለች። ልጆቹ የአሜሪካ ፓስፖርት ነው ያላቸው፣ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) አልወጣላቸውም፤ የእኛን የ30 ቀን ቪዛ አውጥተው ነው የሚመጡት። ቦሌ ሲገቡ የሚመታውን ማኅተም ፎቶ አንሥታ እንድትልክልኝ ነግሬያታለሁ። ካሌንደሩ ላይ ቦታው ክፍት ነው።